ታሪፍ ሲጨምር ቤተሰብ ምን ያህል መብራት ይቀንሳል? ከቢል ተነስቶ ለመለካት

የመመረቂያ ጽሑፍ ከማማክራቸው ተማሪዎች መካከል በየዓመቱ አንዱ ይህን ርዕስ ይዞ ይመጣል፦ የመብራት ታሪፍ ሲጨምር ደንበኛው ፍጆታውን ምን ያህል ይቀንሳል? ከርዕሱ ጋር ይዞት የሚመጣው መሣሪያም አይለወጥም፤ መጠይቅ ነው። «ጭማሪው አጠቃቀሜን እንድቀንስ አድርጎኛል፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ…» ይላል። ይህ የሚለካው ምሬትን ነው። በጭማሪው የተበሳጨ ሁሉ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ግን ምጣዱ እንደወትሮው ይጣዳል። መጠይቅም ቦታ አለው፣ ኋላ እመጣበታለሁ። መጠኑን የሚናገረው ግን ቆጣሪው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቢሮዬ ለሚመጡት በቃል የምደጋግመው ነው። ሪግሬሽን ለማያውቅም ይሆናል፤ ኤክሴልና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ያልታየውን ቁጥር መገመት

አንድ ቤት በኅዳር 240 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅሞ፣ ታሪፍ ተጨምሮ፣ በታኅሣሥ 222 ቢጠቀም «ጭማሪው 18 አስቀነሰው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በኅዳር እንግዳ ነበረ ይሆናል። በታኅሣሥ መብራት አምስት ቀን ጠፍቶ ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ታሪፉ ባይጨምር ኖሮ ያ ቤት በታኅሣሥ ስንት ይጠቀም ነበር የሚለው ነው። ያንን ቁጥር ማንም አይቶት አያውቅም፣ ወደፊትም አያየውም። ሥራው በሙሉ እሱን ሳያዳሉ መገመት ነው። ሌላው ሁሉ መደመርና መቀነስ ነው።

ለመገመት የሚረዳን ዋጋው ያልተነካበት፣ ወይም በተለየ መጠን የተነካበት ጎረቤት ነው። በዚህ ረገድ የ2011 ዓ.ም. የታሪፍ ማሻሻያ ለለካ ሰው ትልቅ ዕድል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ በአራት ዓመት፣ በየዓመቱ በእኩል መጠን እንዲያድግ ተደረገ። ጭማሪው ግን ለሁሉም አንድ አልነበረም። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው በነበረበት በ0.2730 ብር ቀረ። ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን ከ0.3564 ተነስቶ በአራተኛው ዓመት 0.7670 ደረሰ፤ ከ101 እስከ 200 ያለው ከ0.4993 ወደ 1.6250፣ ከ201 እስከ 300 ያለው ከ0.5500 ወደ 2.0000 ሄደ። አንዱ ምንም አልተነካም፣ አንዱ ከእጥፍ በላይ ሆነበት፣ አንዱ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሁሉም በአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ትራንስፎርመር ሥር ይኖራሉ፤ መብራት ሲሄድ አብረው ይጨልማሉ፣ በዓልም አብረው ያከብራሉ። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ በገንዘብ አይገዛም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ያለውን በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር ታሪፍ ለማጥናት የምትፈልጉም በቅድሚያ በዚህ ተለማመዱ።

መረጃውን ስትጠይቁ

ደብዳቤ ስትጽፉ «የደንበኞች የፍጆታ መረጃ» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ የከተማውን ድምር በወር በወር ታትሞ ትቀበላላችሁ፤ እሱ አይጠቅማችሁም። የምትፈልጉት በቆጣሪ በቆጣሪ ነው። ስም አያስፈልግም፤ የደንበኛው ቁጥር በሌላ መለያ ይተካ። የንባቡ ቀን (የቢሉ ወር አይበቃም)፣ የቀድሞና የአሁኑ ንባብ፣ ንባቡ በአካል የተነበበ ወይስ በግምት የተሞላ መሆኑ፣ የደንበኛው ምድብ፣ ቆጣሪው ድህረ ክፍያ ወይስ ካርድ መሆኑ፣ የሚመገብበት ፊደር (ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ ሰፈሩን የሚመግበው መስመር)። ከጭማሪው በፊት ቢያንስ ሙሉ አንድ ዓመት፣ ከጭማሪው በኋላም ሙሉ አንድ ዓመት ይሁን።

መረጃው ሲመጣ ወዲያው ወደ ሒሳብ አትሩጡ። ውጤት የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ፍጆታውን በሁለቱ ንባቦች መካከል ላሉት ቀናት አካፍሉና በቀን ምን ያህል እንደሆነ አውጡ። አንባቢው አንዴ በ26ኛው፣ አንዴ በ37ኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። የነሐሴ ቢል ጳጉሜንን ጨምሮ ከሆነ አምስት ቀን፣ በ2011 ደግሞ ስድስት ቀን ተጨምሮበታል። ይህን ያላረመ ሰው መስከረም በመጣ ቁጥር ኢትዮጵያውያን መብራት ይቆጥባሉ ብሎ ይጽፋል።

በግምት የተሞላ ንባብን ለብቻው አትጣሉት፤ ከሚቀጥለው እውነተኛ ንባብ ጋር አዋህዱት። አንባቢው ሦስት ወር ሳይመጣ ቀርቶ በአራተኛው ቢመጣ፣ ያላችሁ አንድ የአራት ወር ልኬት ነው እንጂ አራት የወር ልኬት አይደለም።

ዓመትን ከዓመት ስታነጻጽሩ የፋሲካን ነገር አትርሱ። በ2010 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 30 ነበር፤ በ2011 ደግሞ ሚያዝያ 20። ስለዚህ ሚያዝያ 2010ን ከሚያዝያ 2011 ጋር ያነጻጸረ ሰው ግማሹን የፍስክ ወር ከጾም ጋር እያነጻጸረ ነው፤ የበዓሉ ዋዜማ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦም በአንደኛው ዓመት መጋቢት፣ በሌላው ሚያዝያ ላይ ይወድቃል። ጾሙ ከየካቲት ስለሚጀምር የካቲትን፣ መጋቢትንና ሚያዝያን እንደ አንድ ወር ደምራችሁ ያዙ፣ ችግሩ ይጠፋል።

የመብራት መቋረጥን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ቀላል ነው፦ የምታነጻጽሯቸውን ቡድኖች ከአንድ ፊደር ውሰዱ። አንዳንዱ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ቆጥሮ ፍጆታውን በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋል። አልወደውም። መብራት ጠፍቶበት ዛሬ ያልተጋገረ እንጀራ ነገ ይጋገራል፤ ትናንት ማታ ያልበራ አምፖል ግን ነገ እጥፍ አይበራም። አንድ ማባዣ ለሁለቱም አይሠራም። ከአንድ ፊደር ከወሰዳችሁ ጨለማው ሁለቱንም ቡድን ስለሚነካ አብዛኛው ይጣፋል።

የጋራ ቆጣሪ ከባድ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ተከራይ፤ አከራይዋ ለመብራት በወር ቁርጥ ታስከፍላለች። ታሪፉ ቢጨምር ተከራዩ የሚሰማው አከራይዋ ቁርጡን ስትጨምር ብቻ ነው፤ ያኔም አንድ አምፖል ቢያጠፋ የሚተርፈው ሳንቲም የለም። እንዲህ ያለው ቆጣሪ ለዋጋ ግድ የለሽ ሆኖ ቢታይ ሰዎቹ ግድ የለሽ ሆነው አይደለም። ከመረጃው ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ከናሙናችሁ የተወሰኑትን በአካል ሄዳችሁ ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራ ጠይቁ። መጠይቅ ከሚያገለግልባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ካርድ ቆጣሪ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በሲስተሙ የሚታየው ግዢ ነው፣ ፍጆታ አይደለም። «ታሪፍ ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ አቅም ያለው ሰው ሄዶ ለብዙ ወር የሚበቃውን ይሞላል። የተሞላው ኪሎዋት ሰዓት በድሮ ዋጋ ቆጣሪው ውስጥ ይቀመጣል። ጭማሪው ከመጣ በኋላ ለሁለት ለሦስት ወር አይሞላም። ይህን በወር በወር ያየ ተመራማሪ ከጭማሪው በፊት ፍጆታ ጨመረ፣ በኋላ በግማሽ ወደቀ ብሎ ይደነግጣል። አንዱም አልሆነም። እያንዳንዱን ግዢ እስከሚቀጥለው ግዢ ድረስ ባሉት ቀናት ላይ ዘርጉት፤ ከማስታወቂያው ግራና ቀኝ ያሉትን ወራትም ጨርሶ አውጡ። የቆጣሪውን ንባብ ራሱን ማግኘት ከቻላችሁ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም።

የትኛው ዋጋ?

«ዋጋው ጨመረ» ማለት ቀላል ይመስላል። ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛው ግሽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019፣ 2020 እና 2021 የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት በቅደም ተከተል ወደ 16፣ 20 እና 27 በመቶ ገደማ ነበር። ሦስቱ ሲባዙ፣ በ2018 አንድ ብር ያወጣ የነበረ ነገር በ2021 አንድ ብር ከሰባ ሰባት ሳንቲም ገደማ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን በስም ከእጥፍ በላይ ቢጨምርም፣ በእውነተኛ ዋጋ ጭማሪው ወደ 22 በመቶ ብቻ ነው። ከ50 በታች ያለውስ? ዋጋው አልተነካም እንላለን እንጂ ከሽንኩርትና ከዘይት አንጻር ከ40 በመቶ በላይ ረክሷል። ማነጻጸሪያ ያደረጋችሁት ቡድን ራሱ የዋጋ ቅናሽ አግኝቷል ማለት ነው! ይህን ያዙት፣ ስናሰላ ይመለሳል።

ሁለተኛው የእርከኑ አሠራር ነው። እርከን ያለው ታሪፍ በሁለት መንገድ ሊሰላ ይችላል፦ እያንዳንዱ እርከን በራሱ ዋጋ፣ ወይም ጠቅላላው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ። በየትኛው እንደተሰላ ለማወቅ አንድ ቢል አውጡና በእርሳስ አስሉት፤ ሳታሰሉ አትለፉ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአራተኛው ዓመት ታሪፍ፣ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር፣ 50 ኪሎዋት ሰዓት 13.65 ብር ነው። 51 ሲሆን በመጀመሪያው መንገድ 14.42 ብር ይመጣል፤ በሁለተኛው 39.12 ብር። በሁለተኛው መንገድ ያቺ ሃምሳ አንደኛዋ ብቻዋን 25 ብር ከ47 ሳንቲም ታወጣለች።

እንዲህ ያለ ገደል ካለ ሳታሰሉም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የቆጣሪዎቹን የወር ፍጆታ በአምስት በአምስት ኪሎዋት ሰዓት ከፋፍላችሁ ስንት ቆጣሪ በየትኛው ላይ እንዳለ ሣሉ። ከ46 እስከ 50 ባለው ላይ ክምር፣ ከ51 እስከ 55 ባለው ላይ ጉድለት ከታየ ሰዉ ድንበሩን ያውቃል፣ እየጠበቀም ነው። ክምር ከሌለ ሰዉ እርከኑን አያየውም፤ የሚያየው የወሩን ክፍያ ነው። ኮይቺሮ ኢቶ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት የካሊፎርኒያ ቤተሰቦች የሚከተሉት የመጨረሻዋን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ሳይሆን አማካዩን እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ክምሩ ከሌለ አማካይ ዋጋን (ጠቅላላ ክፍያ ለጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት) ተጠቀሙ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አማካዩን ደንበኛው ከጭማሪው በኋላ በተጠቀመው መጠን ካሰላችሁት፣ የቀነሰ ሰው ዋጋውም የቀነሰለት ይመስላል። ከጭማሪው በፊት የተጠቀመውን መጠን ይዛችሁ በድሮውም በአዲሱም ታሪፍ አስሉት።

ስሌቱ

ደንበኞቹን በቡድን ስትከፍሉ ከጭማሪው በፊት በነበረው ሙሉ ዓመት አማካይ ክፈሉ። በአንድ ወር ብቻ ከከፈላችሁ፣ ሠርግ ደግሶ አንዴ 180 የደረሰ ቤት ከፍተኛ ተጠቃሚ ይባላል፣ በሚቀጥለው ወር ወደ 90 ሲመለስ ቆጣቢ ይሆናል። ከጭማሪው በኋላ ባለው ፍጆታ መክፈል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ የቀነሰውን ሰው ከቡድኑ አውጥታችሁ ማንም አልቀነሰም ትላላችሁ።

አሁን የፈጠርኩት ፍጆታ፣ እውነተኛ ዋጋ ያለው ምሳሌ እንሥራ። ቡድን ሀ ከ101 እስከ 200 ያለው ነው፤ ከጭማሪው በፊት በቀን 6.0፣ በኋላ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት። ቡድን ለ ከ50 በታች ያለው ነው፤ በፊት 1.20፣ በኋላ 1.26። የየቡድኑን «በኋላ» ለ«በፊት» አካፍሉና የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ (በኤክሴል ኤል ኤን የሚባለው)። ለሀ −0.105፣ ለለ +0.049 ይመጣል። ልዩነታቸው −0.154 ነው። ትርጉሙ፣ ሀ እንደ ለ ቢሄድ ኖሮ ይጨምር ነበር፤ እሱ ግን ቀነሰ።

ዋጋውንም እንዲሁ። በመጀመሪያው ዓመት የሀ እርከን ከ0.4993 ወደ 0.7807 ብር አደገ፤ ሎጋሪዝሙ 0.447 ነው። ለቀላልነት የእርከኑን ዋጋ ብቻ ወስጃለሁ። የለ ዋጋ ስላልተለወጠ ዜሮ። ግሽበቱ ሁለቱንም በእኩል ስለሚነካ ሲቀናነሱ ይጠፋል፤ ቅድም ያዙት ያልኳችሁ የለ መርከስም በዚሁ ይስተናገዳል፣ ሁለቱ ቡድኖች ለዋጋ ያላቸው ስሜት ተቀራራቢ እስከሆነ ድረስ። −0.154 ለ0.447 ሲካፈል −0.34 ገደማ ነው። ኢላስቲሲቲው ይህ ነው፦ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ ወደ 3 በመቶ ይቀንሳል።

ማነጻጸሪያ ሳይኖር የሀን ብቻ ብታካፍሉ −0.24 ነበር የሚመጣው። ለዚህ ነው ከላይ ያንን ያህል የለፈለፍኩት። በዓለም ላይ የተሠሩ ብዙ የአጭር ጊዜ ልኬቶች ከ−0.1 እስከ −0.3 ባለው አካባቢ ይውላሉ፤ የእናንተ −1.5 ከመጣ ደስ ከማለታችሁ በፊት ወደ ካርድ ቆጣሪው ክፍል ተመለሱ።

ለማመን ከመቸኮላችሁ በፊት ያንኑ ስሌት ጭማሪ ባልነበረበት ጊዜ ላይ ሞክሩት። ለምሳሌ የ2009ን ኅዳርና ታኅሣሥ ከ2010 ጋር። ታሪፍ ስላልተነካ ውጤቱ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። ከራቀ ሁለቱ ቡድኖች ድሮም በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ናቸው ማለት ነውና ለ ለሀ ማነጻጸሪያ አይሆንም። ያኔ ከ51 እስከ 100 ያለውን ከ101 እስከ 200 ካለው ጋር አነጻጽሩ፤ ኑሯቸው ይቀራረባል፣ ጭማሪያቸውም ይለያያል። በሁለተኛው ዙር ጭማሪ ላይ ደግሞ አትንጠላጠሉ፦ መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰው ቤት ዋለ። በዚያ ዓመት ታሪፉን ከወረርሽኙ መለየት ጽሑፋችሁን ያራዝመዋል እንጂ አያሻሽለውም። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ነው።

የቀነሰው የት ሄደ?

አሁን መጠይቁን አምጡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እሱን የሚስተካከል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትልቅ ቅናሽ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው። ግን ቤተሰቡ እንጀራ መብላት አልተወም። ወይ ወደ እንጨት ተመልሷል፣ ወይ ከእንጀራ ጋጋሪዋ መግዛት ጀምሯል። ከጋጋሪዋ ከገዛ ፍጆታው ወደ እሷ ቆጣሪ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም፤ እሷ ያለችው እዚያው ፊደር ላይ ነው፣ ምናልባትም በሌላ የደንበኛ ምድብ። በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ብቻ የለካ ሰው ይህን ቁጠባ ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ የፊደሩን ጠቅላላ ጭነትም እዩ። ወደ ሁለተኛ ቆጣሪ የዞረም አለ፤ አንዱን ቤት በሁለት ቆጣሪ ከፍሎ ሁለቱንም ዝቅተኛ እርከን ላይ ማቆየት ይቻላልና። በጭማሪው ማግስት አዲስ ቆጣሪ የገባባቸውን አድራሻዎች ለዩ።

ስለዚህ መጠይቃችሁ «ቀነሱ ወይ» አይበል። እንጀራ የት ትጋግራላችሁ፣ ባለፈው ዓመትስ? ከሰል በወር ስንት ታወጣላችሁ? ቆጣሪውን ስንት ቤተሰብ ይጋራዋል? እነዚህ ሰው ሳይቸገር የሚመልሳቸው፣ ከቆጣሪው ጋር የሚገናኙ ጥያቄዎች ናቸው።

በሰዓት የተለየ ዋጋ ሲሆን

አንዳንዶቻችሁ የማታ ጭነትን ስለመቀነስ ትጠይቃላችሁ። ዋጋው በሰዓት የሚለያይ ከሆነ መንገዱ ያው ነው፣ ልኬቱ ብቻ በሰዓት ይሆናል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 ፓወርሴንትስ ዲሲ የሚባል ሙከራ ተካሂዶ ነበር፤ 900 ገደማ ቤቶች ተሳትፈዋል። ጭነት በሚበዛባቸው ጥቂት ሰዓታት ዋጋ በጣም የተወደደባቸው በበጋው 34 በመቶ ቀነሱ። በዚያው ሰዓት ለቀነሱት ልክ ተመላሽ የሚከፈላቸው 13 በመቶ። ዋጋቸው በየሰዓቱ የሚለዋወጠው ደግሞ 4 በመቶ ብቻ።

በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መሃል እኔን የሚስበኝ ተመላሹ ነው፣ ምክንያቱም ለፖለቲካ ስለሚመች ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ተመላሽ ለመክፈል «ሌላ ቀን ስንት ትጠቀም ነበር» የሚል መነሻ ያስፈልጋል። ያ መነሻ ከደንበኛው ተራ ቀናት የሚወሰድ ከሆነ፣ በተራ ቀን አብዝቶ መጠቀም ትርፍ ይሆናል። ፍራንክ ዎላክ የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገን ተመሳሳይ ሙከራ ሲመረምር፣ ደንበኞቹ በተባለው ሰዓት በእርግጥ 12 በመቶ ገደማ ቢቀንሱም፣ በተራ ቀናት ከፍ የማድረግ ምልክት አግኝቷል። ስለዚህ ለክፍያ የተሠራውን መነሻ ለልኬት አትጠቀሙበት። ምንም ያልተነገራቸው ቤቶችን በእጣ ለዩና ከእነሱ ጋር አነጻጽሩ።

ውጤቱን ስትጽፉ

አንድ ቁጥር ብቻ አትስጡ። ምን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደተለካ ከጎኑ ጻፉ፦ በሦስት ወር የተለካና በሦስት ዓመት የተለካ አንድ አይደሉም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ምጣዱን ይለውጣል፣ ቦይለሩን ይነቅላል። ስሌቱን ቡድን እየቀያየራችሁ ደግሙና ትንሹንም ትልቁንም አስቀምጡ። በሠንጠረዡ ግርጌ ስንት ቆጣሪ ከመረጃው እንዳወጣችሁ፣ እያንዳንዱ በምን ምክንያት እንደወጣ፣ በግምት የተሞላው ንባብ ከመቶ ስንት እንደነበር ጻፉ። ጽሑፋችሁን በምትከላከሉበት ቀን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።